ከዝናብ በኋላ በተራራ ብስክሌት ከመውጣታችሁ በፊት፦ አፈሩን፣ ጥላውንና አቀማመጡን አይቶ የመወሰን ዝርዝር መመሪያ

ዝናቡ አባርቷል። ሰማዩ ጠርቷል፣ አስፋልቱም ደርቋል። ብስክሌቱ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎማው ጭቃ ለብሶ አልዞር ይላል፣ ካቴናው ይንቋቋል፣ ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱን ተሸክሞ መመለስ ነው። የከፋው ግን ከኋላ የሚቀረው ነው። ጎማው የቆፈረው መስመር እንዳለ ይደርቅና ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው ዝናብ የውሃ መውረጃ ይሆናል። ሌሎች ሰዎች ለፍተው የሠሩት መንገድ የሚበላሸው በዚህ መልኩ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚወድቀው ሰዓት ስለሚቆጥር ነው። «ካባራ አንድ ቀን ሆኖታል፣ ይበቃዋል» ይላል። አንድ ቀን ለአንዱ መንገድ ከበቂ በላይ ነው፣ ለሌላው ምንም አይደለም። በአንድ ተራራ ላይ፣ በአንድ ዝናብ፣ አሸዋማው አናት ወዲያው ሲነዳ፣ ታች ዛፍ ሥር ያለው ሸክላ አፈር ሳምንት ሙሉ ማጥ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አፈሩ፣ ጥላውና የመሬቱ አቀማመጥ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሂዱባቸው። ስለ አፈር፣ ጥላና አቀማመጥ የሚናገሩት ደረጃዎች ለአንድ መንገድ አንድ ጊዜ ከተሠሩ ይበቃሉ። የቀሩት ግን በዘነበ ቁጥር የሚደገሙ ናቸው።

ቀድማችሁ የምታዘጋጁት

- ክዳን ያለው፣ አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ጠርሙስ
- ግድግዳው ቀጥ ያለ ዕቃና ማስመሪያ (ዝናብ ለመለካት)
- የከፍታ መስመር ያለው ካርታ፣ ስልክ ላይም ይሁን ወረቀት ላይ
- አንድ ኮዳ ውሃ
- ጭቃ መፋቂያ የሚሆን ቀጭን እንጨት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ

ደረጃ 1፦ አፈሩን በደረቅ ጊዜ እወቁት

ይህን ሥራ ዝናብ እስኪመጣ አታቆዩት። ሲዘንብ ሁሉም አፈር ጭቃ ይመስላል።

*የእጅ ፈተና*

1. ከመንገዱ ዳር ላዩን ቅጠልና ሣር ገለል አድርጋችሁ አንድ እፍኝ አፈር ውሰዱ። ጠጠሩንና ሥሩን ልቀሙ።
2. ከኮዳው ትንሽ ትንሽ ውሃ እየጨመራችሁ እሹት። ቅርጽ መያዝ ሲጀምር አቁሙ።
3. ጨምቃችሁ ድቡልቡል አድርጉት። ወዲያው የሚፈርስ ከሆነ አሸዋማ ነው፣ ፈተናው እዚህ ያበቃል።
4. ካልፈረሰ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል አድርጋችሁ ወደ ላይ እየገፋችሁ ጥብጣብ አውጡለት።
5. ጥብጣቡ ሲቆረጥ ርዝመቱን ለኩ። 2.5 ሴንቲሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ ሎም (አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ የተመጣጠኑበት) አፈር ነው። ከ2.5 እስከ 5 ከሄደ ሸክላ የበዛበት ሎም ነው። 5 ሴንቲሜትር አልፎ እየተጣጠፈ ከሄደ ሸክላ አፈር ነው።
6. ጣታችሁ ላይ የቀረውን በጥቂት ውሃ እሹት። የሚቆረቁር አሸዋ ነው፣ እንደ ዱቄት የሚለሰልስ ደለል ነው፣ የሚጣበቅ ሸክላ ነው።

ጥብጣቡ ገና ሲጀመር ከተሰነጠቀ ውሃ አንሶታል። ጣት ላይ ከተለጠፈ ውሃ በዝቶበታል፣ ደረቅ አፈር ጨምሩበት። በአንድ ሙከራ አትወስኑ።

*የጠርሙስ ፈተና*

የእጁ ፈተና ካጠራጠራችሁ ጠርሙሱን ሲሶ ያህል በአፈር ሙሉት። ውሃና ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩና አጥብቃችሁ በጥብጡት። ካስቀመጣችሁት በኋላ አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል። ደለሉ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሸክላው አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ጠርሙሱ ውስጥ ሸክላው ሲዘገይ ያያችሁት ነገር መንገዱም ላይ ይሆናል። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊሜትር ያነሰች ናት፣ አሸዋ ግን ከ0.05 እስከ 2 ሚሊሜትር ይደርሳል። በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ውሃው ወዲያው ይወርዳል። ሸክላው ግን ዙሪያውን ይይዘዋል።

*ውጤቱ ምን ማለት ነው?*

አሸዋማ አፈር በሰዓት ወደ 30 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ውሃ ሊያሰርግ ይችላል። ዝናብ ይጠቅመዋል። በደረቅ ጊዜ ጎማ የሚውጠው ልል አሸዋ እርጥበት ሲያገኝ ይያያዛል። አሸዋማ መንገድ ካላችሁ ለዝናብ ማግስት አስቀምጡት።

ሎም አፈር ብስባሽ ካለው ምርጡ ነው። ውሃውን በልኩ ያሳልፋል፣ በልኩ ይይዛል። እርጥብ ሆኖ ግን ጭቃ ያልሆነበት ጊዜ አለው፣ ጎማም በደንብ የሚይዘው ያኔ ነው። ትንሽ ታገሱለት።

ደለል አታላይ ነው። ላዩ ቶሎ የደረቀ ይመስላል፣ ሲረገጥ ከታች ልስላሴው ይወጣል። ጎርፍም በቀላሉ ያጥበዋል።

ሸክላ በሰዓት የሚያሰርገው ከ1 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብዙዎችን የሚያሳስተውም እሱ ነው። ዝናቡ እየወረደ ሳለ ጭቃው ቀጥኖ ስለሚፈስ ከጎማ ላይ ይራገፋል። በማግስቱ ግማሽ ሲደርቅ ግን እንደ ሙጫ የሚይዘው ያኔ ነው፣ ጎማ የሚያስረውም በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ «ትናንት አልፌበት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ይሻላል» አትበሉ። ሸክላ ላይ ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

ዋልካ የሸክላ ክፉው ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ውጦ ደህና ይመስላል። ከዚያ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውሃውም መግቢያ ያጣል። ዋልካ ላይ ዝናብ በተከታታይ ከጣለ ለቀናት እርሱት።

ጠጠርና አለት ቶሎ ይደርቃል። አለቱ ላይ የድንጋይ ሽበት (እርጥበት የሚያበቅለው ሽፋን) ካለ፣ ወይም ብዙ ጎማ አልፎበት የለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ግን ክፉኛ ያዳልጣል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አፈር በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊቀየር ይችላል። ቀለሙ ወይም ጎማ ሥር የሚሰማው ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ቆማችሁ የእጅ ፈተናውን ድገሙ፣ ቦታውንም ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ደግሞም ጎማ የሚመላለስበት መሃሉ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ዳሩ ላይ ከፈተናችሁት አፈር ያነሰ ውሃ ነው የሚያሰርገው።

ደረጃ 2፦ ዝናቡን ለኩት

ግድግዳው ቀጥ ያለውን ዕቃ ዛፍና ጣሪያ በሌለበት አስቀምጡ። ሲያባራ የውሃውን ከፍታ በማስመሪያ ለኩ። 10 ሚሊሜትር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ነገር መዝግቡ፦

1. ስንት ሚሊሜትር ዘነበ?
2. በስንት ሰዓት? በግማሽ ሰዓት የወረደ 10 ሚሊሜትር ሸክላ ላይ አብዛኛው በላዩ ይፈሳል፣ መንገዱን ይቦረቡራል። ሌሊቱን ሙሉ ያካፋ 10 ሚሊሜትር ግን ወደ ውስጥ ይገባል። ላዩ ጨዋ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጠግቧል።
3. ከዚያ በፊት መሬቱ እንዴት ነበር? ለረጅም ጊዜ በደረቀ ሎም ላይ ትንሽ ካፊያ አቧራውን ከማሰር አያልፍም። ቀድሞ በጠገበ መሬት ላይ ግን ያው ካፊያ ጭቃ ያደርጋል።

መለኪያ ካላስቀመጣችሁ ደግሞ የአየር ትንበያውን ቁጥር አትመኑ። ተራራ ላይ ዝናብ ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል።

ደረጃ 3፦ ጥላውን አንብቡ

መሬት የሚደርቀው በፀሐይ፣ በነፋስና በደረቅ አየር ነው። ጥላ የመጀመሪያውን ይከለክላል፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን ሁለተኛውንም ይዘጋል።

1. *ተዳፋቱ ወዴት እንደዞረ እዩ።* ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቀው ባሉ አገሮች ወደ ሰሜን የዞረ ተዳፋት ፀሐይ ያንሰዋል፣ ዘግይቶም ይደርቃል። በስተደቡብ ባሉት ተቃራኒው ነው። ለምድር ወገብ የቀረበ ቦታ ላይ ፀሐይዋ በዓመቱ ውስጥ ጎን ስለምትቀይር ይህ ሕግ ብዙም አይሠራም። እዚያ የሚጠቅመው ምሥራቅና ምዕራቡን ማየት ነው።
2. *የጠዋትና የከሰዓት ፀሐይን ለዩ።* ወደ ምሥራቅ የዞረ ተዳፋት ፀሐዩን የሚያገኘው አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ነው፣ ግማሹ ሙቀት ጤዛ በማድረቅ ያልቃል። ወደ ምዕራብ የዞረው ሞቅ ያለውን ያገኛል። ከሰዓት በኋላ የሚደመን አካባቢ ከሆነ ግን ይህ ይገለበጣል።
3. *የዛፉን ጣሪያ ተመልከቱ።* ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ቀላል ካፊያ መሬት ሳይደርስ ቅጠል ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከትንሽ ዝናብ በኋላ ደን ውስጥ ያለው መንገድ ከሜዳው ይሻላል። ከባድ ዝናብ ከጣለ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ለሰዓታት ያንጠባጥባል፣ ፀሐይም አትገባም።
4. *መሬት ላይ የወደቀውን ቅጠል ግለጡ።* ብዙ ጊዜ ሥሩ ያለው አፈር ሜዳው ደርቆ እንኳ እርጥብ ነው። ቅጠሉ ጠቃሚ ሥራም አለው፣ የዝናቡን ጠብታ ጉልበት ስለሚሰብር አፈሩ አይታጠብም። ጠርጋችሁ አትጣሉት።

ፎቶ ማንሳት እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። ፀሐያማ በሆነ ቀን አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ እኩለ ቀን፣ አንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ተመላልሳችሁ መንገዱን አንሱ። በሦስቱም ፎቶ ጥላ ውስጥ የወጣ ቦታ ካለ፣ ከዝናብ በኋላ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሱን ነው።

ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ቦታ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ጠዋት መሬቱ በበረዶ ጠጥሮ ይነዳል። ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ጥቂት ሴንቲሜትር ይቀልጣል፣ ሥሩ ግን ገና በረዶ ስለሆነ ውሃው ወደ ታች አይወርድም። ላዩ ተልጦ የሚወጣ ማጥ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቀን ፀሐይ መንገዱን ሳትነካው ጨርሳችሁ ውጡ።

ደረጃ 4፦ አቀማመጡን አንብቡ

ብዙ ሰው አፈርን ያውቃል፣ ጥላንም ያስባል። አቀማመጥን ግን ይረሳል። ለእኔ ከሦስቱ ከባዱ ሚዛን ይህ ነው፤ ደህና አፈር እንኳ ውሃው መውጫ ካጣ ጭቃ ነው።

*አናት፣ ወገብ፣ ግርጌ*

ዝናብ ሲያቆም ውሃው አይቆምም። ወደ አፈሩ የገባው በውስጥ ለውስጥ ቁልቁል ይጓዛል፣ ይህም ለቀናት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ አናቱ ቀድሞ ይደርቃል፣ ግርጌው ግን ከላይ የሚመጣለትን ሲቀበል ይቆያል። ካባራ ከአንድ ቀን በኋላ ግርጌው ጭራሽ ረጥቦ ብታገኙት አትደነቁ። ካርታው ላይ መንገዱን በሦስት ከፋፍላችሁ ምልክት አድርጉ።

*ስርጉድ ቦታና ምንጭ*

የከፍታ መስመሮቹ ወደ ተራራው ገባ ብለው የሚታጠፉበት ቦታ ውሃ ከሁለት ጎን ይሰበሰባል። መንገዱ እዚያ ካለፈ ክፉ ቦታ ብላችሁ መዝግቡ። መሬት ላይ ደግሞ ዕፅዋቱ ይነግሯችኋል፦ በደረቅ ወቅት እንኳ ቄጠማ የሚበቅልበት ወይም ሣሩ ከዙሪያው ለይቶ የለመለመበት ቦታ ሥሩ ውሃ አለ።

*መንገዱ ተዳፋቱን እንዴት ያልፈዋል?*

ውሃ በሚወርድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መንገድ በዝናብ ጊዜ ቦይ ነው። ተዳፋቱን አግድም የሚያቋርጥ መንገድ ላይ ግን ውሃው አቋርጦት ያልፋል። መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበትና ዓለም አቀፉ የማውንቴን ባይክ ማኅበር ያስፋፋው አንድ ልክ አለ፦ የመንገዱ ዳገትነት ከተዳፋቱ ዳገትነት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ (በ10 ሜትር 2 ሜትር የሚወጣ) መንገዱ ከ10 በመቶ ባይበልጥ ነው። ዳገት የሚለካ የስልክ መተግበሪያ ይበቃችኋል። ከግማሽ የበለጠ ቦታ ስታገኙ ውሃው መንገዱን ይዞ እንደሚወርድ ቁጠሩት።

*ወለሉ ወዴት ያዘነብላል?*

ኮዳችሁን አውጡና መንገዱ መሃል ላይ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ውሃው ወደ ቁልቁለቱ ጠርዝ አቅንቶ ከወጣ መንገዱ ጤነኛ ነው፤ ለዚህ ከ3 እስከ 5 በመቶ ማዘንበል ይበቃል። ውሃው ጥቂት ከሄደ በኋላ ጠርዙ ላይ ካለች አነስተኛ የአፈር ግንብ ጋር ተጋጭቶ በመንገዱ ርዝመት ቁልቁል ከዞረ፣ መሃሉ በጎማ ብዛት ሰርጉዷል ማለት ነው። ያቺ የአፈር ግንብ አንድ ጣት ብታክል እንኳ የዝናቡን ውሃ ሁሉ መንገዱ ላይ ታስቀረዋለች።

*ሜዳ*

ሜዳ መንገድ ቀላል ይመስላል። ከዝናብ በኋላ ግን ውሃው የሚሄድበት የለውም፣ ያለው ዕድል መስረግና መትነን ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ሸክላ ካለ፣ በላዩም ጥላ ካረፈበት፣ ከዚህ የባሰ ጥምረት የለም።

ደረጃ 5፦ ደካማውን ቦታ መርጣችሁ በእሱ ወስኑ

1. ካርታው ላይ ሦስቱን መጥፎ ምልክቶች ፈልጉ፦ ሸክላ ወይም ደለል፣ ቀኑን ሙሉ ጥላ፣ ውሃ የሚቆምበት ወይም የሚሰበሰብበት አቀማመጥ።
2. አንድ ምልክት ብቻ ያለበትን ቦታ በጥንቃቄ ማለፍ ይቻላል።
3. ሁለት ምልክት የተገናኙበት ቦታ ካለ ሄዳችሁ ሳታዩት አትወስኑ።
4. ሦስቱም ከተገናኙ መንገዱን ተዉት፣ ሌላ ምረጡ። ዙሩ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ክፉ ቦታው 100 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ዋጋ የሚያስከፍላችሁ ያ 100 ሜትር ነው።
5. መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል ዘግቶት ከሆነ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። አትግቡ።

ደረጃ 6፦ ቦታው ላይ ፈትኑ

የመንገዱ መግቢያ ብዙ ጊዜ ክፍት፣ ጠጠር የተደረገበትና ደረቅ ስለሆነ ያታልላል። ፈተናውን እዚያ አትሥሩት። ወደ ደካማው ቦታ የሚያደርስ አቋራጭ ካለ በእግር ሂዱ።

1. *በዓይን፦* ላዩ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ውሃው ገና አልሰረገም። ቀለሙ የጠቆረ ግን የማያብረቀርቅ ከሆነ ቀጥሉ።
2. *በአውራ ጣት፦* አፈሩን ጫኑት። ጣቱ ያለ ችግር ከሰመጠ ተመለሱ።
3. *በጫማ፦* ሙሉ ክብደታችሁን ጥላችሁ ተረከዛችሁን አዙሩ። ጫማው ሥር የተለጠፈውን እዩ፤ አፈሩ ካልረገፈ ጎማም ላይ አይረግፍም።
4. *በጎማ፦* ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ 20 ሜትር ያህል ንዱ፣ ውረዱና የኋላውን መስመር ተመልከቱ። የጎማው ጥርስ ምልክት ብቻ ታትሞ መሬቱ ቅርጹን ከያዘ ጥሩ ነው። ጎማው ሰርጎ ቦይ ካወጣ፣ ወይም ላዩን ልጦ ካነሳ፣ እዚያው ላይ አበቃ። ጎማው ሲዞር ቸፍ ቸፍ የሚል ድምፅ ከሰማችሁም ያው ነው።

እዚህ ላይ «እስኪ ትንሽ ልሂድ፣ ወደፊት ይሻል ይሆናል» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አትስሙት። ካርታችሁ ላይ ወደፊት ያለው አናት ከሆነ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግርጌ ከሆነ ግን አይሻልም።

ደረጃ 7፦ ብስክሌቱን አዘጋጁ

የጎማ ንፋስ ከተለመደው 2 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ቀንሱ። ከዚያ በላይ መቀነስ ጎማው ቸርኬ ላይ እንዲመታ ያደርጋል። ለእርጥብ ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ጎማ ይሻላል፣ ጭቃው በመካከሉ ይራገፋል። በጎማውና በቴላዮው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ ጠባብ ከሆነ ጭቃ ቶሎ ያስረዋል። ካቴናውን ለእርጥብ በተሠራ ዘይት ቀቡ፣ ትርፉን ጥረጉ። የፊት ጭቃ መከላከያ ካላችሁ ግጠሙት፣ ዓይናችሁን ያድናል።

ደረጃ 8፦ መንገዱ ላይ

*ኩሬ ሲገጥም* በመሃሉ እለፉ። ዳር ዳሩን መዞር መንገዱን ያሰፋዋል። ዛሬ እናንተ በዳር ታልፋላችሁ፣ ነገ ዳሩም ጭቃ ሆኖ ሌላው ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያልፋል። ለአሽከርካሪውም ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ መሃሉ የተጠቀጠቀ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጠንካራ ነው፣ ዳሩ ግን ልል ነው። የኩሬው ጥልቀት ካልታወቀ ወርዳችሁ በእንጨት ለኩት፣ በእግርም በመሃሉ ተሻገሩ።

*የዛፍ ሥር ሲገጥም* ፍሬኑን ሥሩ ላይ ሳትደርሱ ቀድማችሁ ጨርሱ። ሥሩ ላይ ፍሬን አትንኩ፣ ብስክሌቱንም አታጋድሉ። በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ፣ ሥሩን እንደ መስቀል አቋርጣችሁ እለፉ። አግድም የሚሄድ እርጥብ ሥር የፊት ጎማን ይዞ ይሸሻል። የእንጨት ድልድይም ላይ ሕጉ ይኸው ነው።

*ቁልቁለት ላይ* ዲስክ ፍሬን ሲረጥብ የመጀመሪያው ይዞታው ይደክማል። ከቁልቁለቱ በፊት ቀለል አድርጋችሁ ያዝ ለቀቅ እያላችሁ ውሃውን አስወግዱ። የኋላውን ጎማ ቆልፋችሁ አትንሸራተቱ፤ እርጥብ አፈር ላይ አንድ ረጅም መንሸራተት ለቀጣዩ ዝናብ ቦይ መክፈት ነው።

*ዳገት ላይ* ተቀምጣችሁ፣ ቀለል ባለ ማርሽ፣ ፔዳሉን እኩል እየረገጣችሁ ውጡ። የኋላው ጎማ መፈተል ከጀመረ ውረዱና ግፉ። በቦታው መፈተል መሬቱን ያርሰዋል እንጂ አያወጣችሁም።

ደረጃ 9፦ ነገሩ ከተበላሸ

*ጎማው በጭቃ ከታሰረ፦* ወዲያው ፔዳል መርገጥ አቁሙ። በጭቃና በሣር የተጠቀለለ የማርሽ መቀየሪያ ላይ በጉልበት ከረገጣችሁ መቀየሪያው ተጠምዝዞ ይሰበራል፣ ጎማው ውስጥም ሊገባ ይችላል። ውረዱ። በእንጨቱ መጀመሪያ ቴላዮውና ጎማው የሚጠጋጉበትን፣ ቀጥሎ ፍሬኑ አካባቢ፣ በመጨረሻ የመቀየሪያውን ጥርሶች ፋቁ። የመጠጥ ውሃችሁን በዚህ አትጨርሱት።

*ካጸዳችሁት በኋላ ወዲያው እንደገና ከታሰረ፦* አፈሩ የሚጣበቅበት ሰዓት ላይ ደርሳችሁበታል። አትግፉት፣ በተገፋ ቁጥር ይለብሳል። ተሸከሙት። ከመንገዱ ዳር ጠንካራ ሣር ወይም ድንጋይ ካለ በእሱ ላይ እየረገጣችሁ ውጡ።

*መንገድ መሃል ላይ ከሆናችሁና ሁሉም ጎን ጭቃ ከሆነ፦* ካርታውን አውጡ። የሚመረጠው አጭሩ መውጫ አይደለም፤ ወደ አናት ወይም ወደ ጠጠር መንገድ የሚያደርሰው ነው። ሸለቆ ውስጥ ጎርፍ የሚወርድበት ፈፋ ካለ ውሃው እየጨመረ ሳለ አትሻገሩት። ከላይ ዝናቡ ገና እየጣለ ሊሆን ይችላል።

*የፊት ጎማ አሮጌ ቦይ ውስጥ ከገባ፦* መሪውን ጠምዝዛችሁ ለማውጣት አትታገሉ፣ የሚጥለው ያ ነው። ዓይናችሁን ወደፊት አድርጉ፣ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ያዙ፣ ቦይው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ውጡ ወይም ቁሙ።

*ቦይ አውጥታችሁ ከሆነ፦* ገና ለስላሳ ሳለ የተነሳውን አፈር በጫማችሁ መልሳችሁ ደልድሉት። ከደረቀ በኋላ መቆፈሪያ ይፈልጋል። ጠርዙ ላይ ውሃውን ያገደች የአፈር ግንብ ካገኛችሁ ግን በራሳችሁ ፈቃድ አትቆፍሩ፤ ቦታውን ለሚጠግኑት ንገሩ።

ደረጃ 10፦ ስትመለሱ

ጭቃው ሳይደርቅ እጠቡ። ከፍተኛ ግፊት ያለውን ውሃ በጎማው መሃል፣ በፔዳሉ ዘንግና በመሪው ሥር ባሉት ኩሽኔታዎች ላይ አታነጣጥሩ፤ ውሃው ግሪሱን አጥቦ ይገባል። በዝግታ በሚወርድ ውሃና በብሩሽ ይበቃል። ካቴናውን በጨርቅ አድርቁና ዘይት ቀቡት። የፍሬን ሸራውን እዩ፣ ጭቃና አሸዋ በአንድ ጉዞ ብዙ ሊበላው ይችላል።

ከዚያ ስልኩን አውጡና አራት መስመር ጻፉ፦ ስንት ሚሊሜትር ዘነበ፣ ካባራ ስንት ሰዓት ሆነው፣ ደካማው ቦታ በጎማ ፈተናው ምን አሳየ፣ አየሩ ነፋሻ ነበር ወይስ ደመናማ። ሳትነዱ የተመለሳችሁበትንም ቀን ጻፉ። ሁለት የዝናብ ወቅት ያህል ከተመዘገበ በኋላ «በዚህ መንገድ 10 ሚሊሜትር ከጣለ፣ ነፋስ ካለ፣ ይህን ያህል ቀን ይፈልጋል» ማለት ትችላላችሁ። ያ ቁጥር ለዚያ መንገድ ብቻ ነው የሚሠራው። ወደ ሌላ ተራራ ስትሄዱ ከደረጃ 1 ጀምሩ።